ናፍጣ ሞልቶ አየር ሲያጥር

ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭኖ ወደ መሃል አገር የሚወጣ ከባድ መኪና ጉዞውን የሚጀምረው ከባሕር ጠለል ነው። የአፋርን ቆላ አቋርጦ አዋሽ ሲደርስ 1,000 ሜትር ገደማ ወጥቷል፤ ሞጆ ላይ ወደ 1,800 ይጠጋል፤ አዲስ አበባ ሲገባ 2,300 ሜትርን አልፏል። ከሚሌ ተገንጥሎ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ደሴ የሚወጣውም እንዲሁ 2,500 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። አገሪቱ ከምትልከው የምታስገባው በክብደት እጅግ ስለሚበልጥ፣ መኪኖቹ ሞልተው የሚሄዱት ወደ ላይ ነው፤ ቀለል ብለው ወይም ባዷቸውን የሚመለሱት ወደ ታች። ሞተሩ ጉልበት አብዝቶ በሚፈለግበት አቅጣጫ ጉልበቱ ደረጃ በደረጃ እየተሸረሸረ ይሄዳል ማለት ነው። ሾፌር ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ምክንያቱን ግን ብዙ ሰው ለዳገቱ ይሰጠዋል። ዳገቱ ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። ነገር ግን ሰመራ ሜዳ ላይ ፍጥነቱን በቀላሉ የሚይዝ ሙሉ ጭነት ያለው አሮጌ መኪና ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ለተመሳሳይ ፍጥነት ብዙ ይታገላል፤ እዚያ ደግሞ የሚከሰስ ዳገት የለም። ያለው 2,800 ሜትር ከፍታና የሳሳ አየር ነው። እኔ እዚህ የምሟገተው ለአንድ ነገር ነው፦ የናፍጣ ሞተር ትልቁ ጉልበት የሚወሰነው በሚገባለት አየር ክብደት ነው፤ ናፍጣው ተከታይ ነው። ይህን የማይቀበል ሰው ሞተር ሲገዛ፣ ሲጠግንና ሲነዳ በየቦታው ገንዘብ ይከፍልበታል።

ነገሩን በክብደት እንየው። አንድ ኪሎ ናፍጣ አንድም ሳይተርፍ እንዲቃጠል በሂሳብ 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በተግባር ግን ይህ አይበቃውም። ናፍጣው ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ሲል ነው፤ ለመትነን፣ ከአየር ጋር ለመቀላቀልና ለመቃጠል ያለው ጊዜ ከጥቂት ሺኛ ሰከንዶች አይበልጥም። በዚህ ጥድፊያ እያንዳንዷ የናፍጣ ጠብታ ድርሻዋን አየር ስለማታገኝ፣ ጥቁር ጭስ ሳይወጣ ለመሥራት ለአንድ ኪሎ ናፍጣ ከ18 እስከ 20 ኪሎ አየር ማቅረብ የግድ ይሆናል። አሁን ሾፌሮች «ኤን ትሬ» እያሉ የሚጠሩትን የድሮውን ፊያት የመሰለ፣ ቱርቦ የሌለው፣ በደፈናው 10 ሊትር የሆነ ሞተር እንውሰድ። በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር፣ በየሁለት ዙሩ አንዴ አየር ስለሚስብ፣ በደቂቃ 10,000 ሊትር ያህል መሳብ ይገባዋል፤ የቫልቮቹና የቱቦዎቹ ጠባብነት አንድ አሥረኛውን ቢያስቀርበት 9,000 ሊትር ይገባል። በባሕር ጠለል፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ይህ አየር 10.8 ኪሎ ይመዝናል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከ101 ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሚወርድ፣ ያው 9,000 ሊትር 8.1 ኪሎ ብቻ ነው። ሊትሩ አልተለወጠም፤ ክብደቱ ግን ሩቡ ጠፍቷል። ለአንድ ኪሎ ናፍጣ 20 ኪሎ አየር ብለን ብናካፍል፣ ታች በደቂቃ 540 ግራም ናፍጣ በንጽሕና የሚያቃጥለው ሞተር ወደ ላይ ሲወጣ ከ405 ግራም በላይ አይችልም። ታች 200 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረ እዚህ 150 አካባቢ ይቀረዋል። በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ይቀንሳል የሚባለው የባለሙያዎች የአፍ ሂሳብም ከዚሁ የሚርቅ አይደለም። (ለቆላው አድልቼ እንዳልታይ፦ ጅቡቲ 40 ዲግሪ ሲሞቅ እዚያም አየሩ 6 በመቶ ያህል ይሳሳል። በሞቃት ቀን ጅቡቲን ከቀዝቃዛው አዲስ አበባ ብናወዳድር ልዩነቱ ከሩብ ወደ አምስተኛ ይወርዳል። ሙቀት ይወስዳል፤ ከፍታ ግን የበለጠ ይወስዳል።)

እዚህ ላይ ሞተር የሚያውቅ ሰው ጠንከር ያለ ተቃውሞ ያነሣል። የናፍጣ ሞተር እኮ አየር አይቆጥብም ይላል፤ ቤንዚን ሞተር ላይ ፔዳሉ የሚያዘው አየሩን ነው፣ ናፍጣ ላይ ግን አየሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ ፔዳሉ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ናፍጣውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ አየር ይዞ ይሠራል፣ ሩቡ ቢጎድል ምን ይጎዳዋል? ተቃውሞው ግማሹ እውነት ነው። ባዶውን የሚመለስ መኪና፣ ወይም ፔዳሉ ግማሽ ተረግጦ በሜዳ የሚሄድ ሞተር፣ ለአንድ ኪሎ ናፍጣ 30 እና 40 ኪሎ አየር ይዞ ስለሚሠራ የከፍታው ጉድለት አይሰማውም፤ ለሠራው ሥራ የሚፈጀው ናፍጣም ያን ያህል አይጨምርም። ግማሹ ግን ከጥያቄው ውጪ ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ ጣርማ በርን የሚወጣ መኪና የተረፈ አየር የለውም። ፔዳሉ ወለል ነክቷል፣ ማርሹ ወርዷል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው አየር ደግሞ ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ግፊት ብቻ ነው ያለው። ትርፍ አየር የሚጠቅመው ትርፍ ሲኖር ነው። አንድ ሞተር ለከባድ ሥራ የሚገዛው ደግሞ ለዚያች ለሙሉ ጭነቷ ሰዓት እንጂ ባዶውን ለሚመለስበት ቀን አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጋራዥ የሚመጣ ነው፤ በክርክር መልክ ሳይሆን በመፍቻ። ጉልበት አንሶታል? ፖምፓው ይከፈት! በድሮዎቹ ሜካኒካል ፖምፓዎች ላይ ከፍተኛውን የናፍጣ መጠን የምትወስን ብሎን አለች፤ እሷን ጥቂት ዙር ማዞር የደቂቃዎች ሥራ ነው። መኪናው በእርግጥ ትንሽ ይበረታል፤ ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። ከጭስ ወሰኑ ባሻገር የተጨመረ ናፍጣ ከፊሉ የተረፈችውን አየር ፈልጎ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ጥቂት ጉልበት ይገኛል፤ ቀሪው ወይ ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል፣ ወይ ዘግይቶ፣ ፒስተኑ ወደ ታች መውረድ ከጀመረ በኋላ ይቃጠላል። ዘግይቶ የነደደ ናፍጣ ፒስተን አይገፋም፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩን፣ ቴስታታውንና ቱርቦ ካለም ተርባይኑን ያግላል። ግድግዳ ላይ ያረፈው ደግሞ ወደ ዘይቱ ይወርድና ያቀጥነዋል። አመድ የሞላው ምድጃ ላይ እንጨት እንደመጨመር ነው፤ ቤቱ በጭስ ይሞላል እንጂ ድስቱ ቶሎ አይፈላም። ከከባድ መኪና ጀርባ በዳገት ላይ የሚታየው ጥቁር ጭስ ብዙ ጊዜ የጉልበት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ያ ጭስ ተገዝቶ፣ ታክስ ተከፍሎበት፣ ተረጭቶ ያልተቃጠለ ካርቦን ነው። አምራቾቹ ራሳቸው ይህን ስለሚያውቁ በቱርቦ ሞተሮች ፖምፓ አናት ላይ የአየር ግፊት የሚሰማ ስስ ሽፋን ያለበት ክፍል ያስቀምጣሉ፤ የአየሩ ግፊት ከፍ እስኪል ድረስ የናፍጣውን ዘንግ ይዞ ያቆየዋል። ለከፍታ የተሠሩም አሉ፤ የውጪው ግፊት ሲወርድ ናፍጣውን ይቀንሳሉ። እነዚህ ክፍሎች «መኪናውን ያፈኑታል» ተብለው ሲነቀሉ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አፈናው ግን የመጣው ከክፍሉ አይደለም፤ ክፍሉ አየር እንደሌለ ነው የተናገረው።

ናፍጣ መጨመር መልስ ካልሆነ የሚቀረው አየሩን መጨመር ነው፤ ይህም ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ ከሞተር የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ተርባይን እንዲያሽከረክር፣ ተርባይኑም ወደ ሞተሩ አየር እንዲጨምቅ የሚያደርገውን፣ ዛሬ ቱርቦ የምንለውን መሣሪያ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። አስተሳሰቡ ቀላልና ብልህ ነው፦ ከናፍጣው ሙቀት አንድ ሦስተኛ ያህሉ በጭስ ማውጫ በከንቱ ይወጣል፣ ታዲያ ለምን እሱ ራሱ አየር አያመጣም? ዘዴው በትልልቅ የመርከብ ሞተሮች ላይ ውጤቱን ያሳየው በ1920ዎቹ ነው፤ ፕሮይሰንና ሃንዘሽታት ዳንዚግ የተባሉት ሁለት የጀርመን መርከቦች ሞተሮች በቡሂ ቱርቦ ምክንያት ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አሉ። ለእኛ ግን ይበልጥ ቅርብ የሆነው ምስክር ከአሜሪካ ተራራ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የሚባል መሐንዲስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ከ4,300 ሜትር በላይ ወደሚሆነው ፓይክስ ፒክ ጫፍ በመኪና አስጭኖ ወጣ። ታች 350 ያህል የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ጫፍ ላይ ወደ 230 ወረደ፤ የሞስ ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ሊበርቲ የቤንዚን ሞተር ነው፣ ለናፍጣ ማስረጃ አይሆንም የሚል ካለ፣ መልሱ ሁለቱም የሚያቃጥሉት ያንኑ ኦክስጅን ነው የሚል ነው፤ ጉድለቱም የተከተለው የአየሩን ክብደት ነው። እንዲያውም ናፍጣ ሞተር ለቱርቦ የተመቸ ነው፤ ቤንዚን አየሩ ሲጨመቅበት ጊዜውን ሳይጠብቅ ሊፈነዳ ይችላል፣ ናፍጣ ግን ሲጨመቅ ሲሊንደር ውስጥ ስለሌለ ይህ ሥጋት የለበትም።

እዚህ ሲደርስ ብዙ ሰው ክርክሩ ያለቀ ይመስለዋል። ዛሬ የሚገቡት የጭነት መኪኖች ሁሉም ማለት ይቻላል ቱርቦ አላቸው፤ ከፍታ የድሮ መኪና ችግር ነው ይባላል። ሦስተኛው ተቃውሞ ይኸው ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ቱርቦ በእውነት ከፍታን በከፊል በራሱ ይክሳል። የውጪው ግፊት ሲወርድ ተርባይኑ የሚተፋበት አካባቢ ስለሚሳሳ ጋዙ በተርባይኑ ውስጥ ይበልጥ ይስፋፋል፣ ዘንጉ ይፈጥናል፣ ኮምፕሬሰሩም ይበልጥ ይጨምቃል። ነገር ግን ይህ በነፃ አይመጣም፤ ዋጋውን ለማየት ደግሞ ሁለት ዓይነት የግፊት ንባብ መለየት ያስፈልጋል። ዳሽቦርድ ላይ ያለ የቱርቦ ጌጅ የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ነው። ጅቡቲ ላይ 1 ባር ሲል ሲሊንደሩ በር ላይ ያለው እውነተኛ ግፊት 2 ባር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያው 1 ባር ሲል እውነቱ 1.76 ነው። መርፌው አንድ ቦታ ቆሞ ሞተሩ 12 በመቶ አየር አጥቷል። ያንኑ 2 ባር አዲስ አበባ ላይ ለማግኘት ጌጁ 1.24 ማሳየት አለበት፤ ኮምፕሬሰሩም የገባለትን አየር በእጥፍ መጭመቁ ቀርቶ በ2.6 እጥፍ ሊጨምቀው ይገባል። የከባድ መኪና ቱርቦ ታችም ቢሆን በደቂቃ እስከ 100,000 ጊዜ የሚዞር ዕቃ ነው፤ ከዚያ በላይ እንዲፈጥን ሲጠየቅ ለስብራቱ ወሰን ይቀርባል። ሙቀቱም ይጨምራል፦ በ20 ዲግሪ የገባ አየር በእጥፍ ሲጨመቅ፣ የኮምፕሬሰሩ ብቃት 70 በመቶ ከሆነ፣ 112 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል፤ በ2.6 እጥፍ ሲጨመቅ ግን ወደ 150 ዲግሪ ይደርሳል። የጋለ አየር ተመልሶ የሳሳ አየር ነው። ኢንተርኩለር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ 112 ዲግሪውን ወደ 50 ቢያወርደው ያው ግፊት ሳይለወጥ አየሩ ወደ አምስተኛ ገደማ ይከብዳል። ኢንተርኩለሩ ራሱ የሚቀዘቅዘው ግን በዚያው በሳሳ አየር ነው፤ ፊቱ በጭቃና በነፍሳት የተደፈነ ከሆነም ጭራሽ። በዚህ ሁሉ ምክንያት የዘመኑ ሞተሮች ኮምፒውተር የውጪውን ግፊት ይለካል፤ አምራቹ ከወሰነው ከፍታ በላይ ሲሆን ቱርቦው ከልክ በላይ እንዳይፈጥን ናፍጣውን ይቀንሳል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚያልፈው የሰነቴ አምባ መንገድ ላይ የባለ ቱርቦ መኪና ሾፌርም ጉልበት አነሰኝ ቢል መኪናው አልተበላሸም። ቱርቦ የከፍታውን ዕዳ አልሰረዘም፤ የመክፈያ ጊዜውን አራዝሞታል።

ከፍታን ማንም አይቀይረውም፤ የአየር ማጣሪያን ግን ማንም ሊቀይረው ይችላል። ስለዚህ ይህች ርካሽ ዕቃ ከሚሰጣት ቦታ የሚበልጥ ቦታ ይገባታል። አቧራ የጠገበ ማጣሪያ ሲታፈን ከበስተኋላው ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ለብዙ ከባድ ሞተሮች የሚፈቀደው የመጨረሻ ወሰን 6 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። 6 ከ101 ላይ ሲቀነስ ከስድስት በመቶ አይበልጥም፤ ከ76 ላይ ሲቀነስ ስምንት በመቶ ነው። ታች ብዙም የማይሰማ መታፈን ደጋ ላይ ይሰማል ማለት ነው። ቱርቦ ላለው ሞተር ደግሞ ነገሩ ይባዛል፣ ምክንያቱም ማጣሪያው ያለው ከኮምፕሬሰሩ በፊት ነው፦ ኮምፕሬሰሩ 2.6 እጥፍ የሚጨምቅ ከሆነ በር ላይ የጠፋችው 6 ኪሎ ፓስካል ሲሊንደሩ ዘንድ 16 ሆና ትጠፋለች። ያልተጠረገ ኮረኮንች ላይ የሚውል መኪና ማጣሪያውን በመጽሐፉ ኪሎሜትር ቆጥሮ መቀየር የለበትም፤ መጽሐፉ የተጻፈው ለአስፋልት ነው። በሌላው ወገን፣ ማጣሪያውን በኮምፕሬሰር አየር ደጋግሞ ማራገፍ ወረቀቱን ይበሳል፤ አየር ይጨምራል፣ ከአየሩ ጋር ግን አሸዋ ያስገባል። አንዳንዱ ጭራሽ አውጥቶ ይነዳል። ጉልበት ይገኝ ይሆናል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ እስኪላጭ ድረስ።

አየር ይህን ያህል ዋጋ ካለው ለምን ሳንወስን አንጨምርም? ይህ ተቃውሞ አጭር መልስ አለው። የገባው አየር ግፊት በእጥፍ ሲጨምር ተጨምቆ የሚደርስበት ግፊትም በእጥፍ ይጨምራል፣ በላዩ ላይ ደግሞ እሳቱ ይመጣል። ቱርቦ ሳይኖረው የተሠራ ሞተር ላይ ቱርቦ መግጠም የሚፈቀደውም በልክ ነው፤ የቴስታታው ጋስኬትና ብሎኖች፣ ፒስተኑ፣ የክራንኩ ኩሽኔታዎች ሁሉ የተሠሩት ለሌላ ሸክም ነው። አምራቾች ቱርቦ ሲጨምሩ የፒስተኑን የመጭመቅ መጠን ዝቅ የሚያደርጉት፣ ከፒስተኑ ሥር ዘይት የሚረጭ ቧንቧ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። ይሁንና ደጋ ላይ ልዩነት አለ፦ ታች 1 ባር ትርፍ የሚችል ሞተር አዲስ አበባ ላይ 1.24 ትርፍ ቢሰጠው ሲሊንደሩ የሚያየው ግፊት አንድ ነው። የሚሰጋው ለቱርቦው እንጂ ለሞተሩ አይደለም፤ በጋራዥ ውስጥ ግን ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው።

የአየር ግፊት ጉዳይ ሞተር ሲነዳ ብቻ አይደለም የሚታየው፤ ሞተር ሲመረመርም ይታያል። የ18 ለ1 መጭመቂያ ያለው ሞተር በባሕር ጠለል ሲሠራ አየሩን ወደ 50 ባር ያደርሰዋል፤ ያው ሞተር አዲስ አበባ ላይ 38 አካባቢ ይቀራል። ሙቀቱ ብዙም አይለወጥም፤ ግፊቱ ስለወረደ ግን የተረጨው ናፍጣ ለመያዝ ይዘገያል፣ ከዚያ የተጠራቀመው ባንዴ ይነዳል። ደብረ ብርሃን በውርጭ ጠዋት የሚነሣ ሞተር የሚያንኳኳውና ነጭ ጭስ የሚተፋው በብርዱ ብቻ አይደለም፤ የግፊቱም እጅ አለበት። ይበልጥ ውድ የሚያስከፍለው ደግሞ የኮምፕሬሽን ጌጅ ነው። ሞተሩ በሞተሪኖ ብቻ ሲዞር የአምራቹ መጽሐፍ ቢያንስ 30 ባር ማሳየት አለበት ካለና አዲስ አበባ ላይ 23 ካሳየ፣ ቀለበቶቹ አልቀዋል፣ ሞተሩ ይውረድ ማለት ይቀናል። 30ን በ76 አባዝቶ ለ101 ማካፈል ብቻ ይበቃ ነበር፤ መልሱ 23 ነው፣ ሞተሩም ጤነኛ ነው። ወሳኙ የሁሉም ሲሊንደሮች ንባብ እርስ በርስ መቀራረቡ ነው። በየሲሊንደሩ 23 የሚያሳይን ሞተር ማውረድ ጤነኛ ሰው አልጋ ላይ ማስተኛት ነው፤ አንዱ 16 ሌሎቹ 23 ከሆኑ ግን በእርግጥ ምክንያት አለ።

ጄኔሬተር የሚገዛ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። የናፍጣ ሞተሮች ጉልበት በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚጻፈው ለ100 ኪሎ ፓስካል ግፊትና ለ25 ዲግሪ ሙቀት ተሰልቶ ነው፤ ማለትም ለባሕር ዳርቻ አየር። ሰሌዳው ላይ የታተመው ቁጥር ውሸት አይደለም፣ የተጻፈው ግን ለሌላ ቦታ ነው። ከሰሌዳው ጋር በሚመጣው መጽሐፍ ውስጥ ለከፍታና ለሙቀት የመቀነሻ ሠንጠረዥ አለ፤ ሻጩም ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ ገጹን አይገልጡትም። ቱርቦ የሌለው ሞተር የተገጠመለትን ጄኔሬተር ለአንድ ሆስፒታል ወይም ለባለ ፎቅ ሕንጻ የሚመርጥ መሐንዲስ፣ ሊፍቱንና የውኃ ፖምፑን ደምሮ 100 ኪሎ ዋት ካገኘ፣ አዲስ አበባ ላይ ሰሌዳው 130 የሚለውን መፈለግ አለበት፤ ለሞተሮቹ መነሻ ጉልበት የሚጨምረው ከዚያ በላይ ነው። ባለ ቱርቦ ከሆነ ሠንጠረዡ እስከ ስንት ሜትር ድረስ ሙሉ ጉልበት እንደሚፈቅድ ይነግረዋል፤ ይህም ከአምራች አምራች፣ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ጨረታ ሲወጣ የከተማው ከፍታ በሜትር በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ማስተካከል የሻጩ ግዴታ ይሆናል።